የ‹አራት ነጥብ› ሞት

የኮምፒውተር መምህሩ ሬሳ ከትምህርት ቤቱ ሕንፃ ጀርባ፣ ሲሚንቶው ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ያገኙት አዛውንቱ ጥበቃ ናቸው፤ ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው። በቀጥታ ከሬሳው በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ያ መስኮት ሦስት ዓመት ሙሉ ተከፍቶ አያውቅም ነበር።

ጉዳዩን እንድትይዝ የተላከችው መርማሪ ባልደረቦቿ ‹ወይዘሮ ለምን› የሚሏት ሴት ናት። ሃምሳዎቹን የጀመረች፣ ጉልበቷ ደረጃ የማይወድ፣ ምላሷም ዝምታ የማይወድ። የዚያን ዕለት ደግሞ ከወትሮው ይልቅ ተበሳጭታለች። ጠዋቱን ሙሉ አንድ ሪፖርት በእጇ በሦስት ቅጂ ስትገለብጥ ነው ያረፈደችው። የጣቢያው ብቸኛ ኮምፒውተር አዛዡ ቢሮ ውስጥ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ የላስቲክ አበባ ተቀምጦበት፣ እንደ ሙሽራ ይከበራል እንጂ ማንም አይነካውም።

«አባቴ፣ ሲወድቅ ሰምተዋል?» አለቻቸው ጥበቃውን።

«ምን ይሰማል እሜቴ? ያቺ ወረቀት ማባዣ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ስታጓራ ነበር። እንኳን ሰው፣ ሕንፃው ቢወድቅ አይሰማም። ጸሐፊዋ ናት ስታባዛ የነበረችው። ማሽኗ አሮጌ ናት፤ ወረቀቱን አንድ በአንድ በእጅ ካላጎረሷት ቀጥ ትላለች። ዛሬ ግን ትንፋሽ ሳትወስድ ነው የሠራችው። የቆመችው እኔ ስጮህ ነው።»

«ግቢ ውስጥ ማን ማን ነበር?»

«ተማሪውም አስተማሪውም ዘጠኝ ተኩል ላይ ወጥቶ አልቋል። የቀሩት ርዕሰ መምህሩ፣ ጸሐፊዋ፣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ፣ እና...» ወደ ሬሳው አገጫቸውን ቀሰሩ። «እሱ። በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዝንብ አላስገባሁም፣ ዝንብ አላስወጣሁም።»

መርማሪዋ ጉልበቷን እየረገመች ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ፣ በርዕሰ መምህሩ ፊርማና ማኅተም የታሸገ ወረቀት ለሁለት ተቀዶ ተንጠልጥሏል። ቁልፉ በሩ ላይ ነው። ውስጥ አርባ ኮምፒውተሮች በአራት ረድፍ ተደርድረዋል። ሠላሳ ዘጠኙ ከፋብሪካ በመጡበት ላስቲክ ተሸፍነዋል። መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያለው አንዱ ብቻ በርቶ፣ ስክሪኑ ላይ ይህ ጽሑፍ ይታያል፦

በዚህ ሥራ ተስፋ ቆርጫለሁ፡፡ ከዚህ በኋላ መኖር አልፈልግም፡
፡ ለሞቴ ማንም ሰው ተጠያቂ አይደለም፡፡ ትምህርት ቤቱንና
አመራሩን ላስቸገርኩበት ይቅርታ እጠይቃለሁ፡፡

አብሯት የመጣው ፖሊስ ከንፈሩን መጠጠ። «ራሱን ነው ያጠፋው፤ አለቀ።»

እሷ ግን ሁለተኛው መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻዋን የቀረችውን ሁለት ነጥብ አየቻትና ዐይኗ እዚያው ቆየ። ከዚያ በረድፎቹ መካከል መሄድ ጀመረች። በኋለኞቹ ረድፎች ላስቲኮች ላይ የተኛው አቧራ ጣት ቢያደርጉበት መስመር ያወጣል። በፊተኛው ረድፍ ባሉት አሥሩ ላይ ግን አቧራው ተነካክቷል፤ አንዱ ላስቲክ እንዲያውም በግልባጩ ነው የለበሰው። እጇን ከላስቲኩ ሥር አስገብታ ስክሪኑን ዳሰሰችው።

ሞቅ ይላል።

ሁለተኛውን ዳሰሰች። ሞቅ ይላል። አሥሩም እንደዚያው ናቸው።

«ንገረኝ እስቲ» አለችው ፖሊሱን፣ «አንተ ራስህን ልታጠፋ ብትወስን፣ መጀመሪያ አሥር ኮምፒውተር አጥፍተህ፣ ላስቲካቸውን አልብሰህ ነው በመስኮት የምትዘለው?»

ፖሊሱ ራሱን አከከ።

*

የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ላይ የምስክር ወረቀቶች፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ዳጎስ ያለ ሪፖርት። ኮምፒውተር የለም። ሰውዬው ክራቫቱን አጥብቆ አስሮ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ተቀምጧል። አሥሩም ጣቶቹ ጠረጴዛውን በቀስታ ይነካካሉ፤ አንዱም ሥራ አይፈታም።

«ጭንቀታም ሰው ነበር» አለ። «ጎበዝ ነው፣ አልክድም፣ ግን ትዕግሥት የለውም። ክፍሉ ካልተከፈተ ብሎ ነጋ ጠባ ይነዘንዘኛል። እኔ ደግሞ በመመሪያ የምሠራ ሰው ነኝ።»

«መመሪያው ምን ይላል?»

«እየጠበቅነው ነው።»

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሦስት ዓመት።» አላፈረም። «የመንግሥት ንብረት ነው እሜቴ። ልጅ እጅ ሲገባ ይሰበራል፣ ይበላሻል። ሲበላሽ የሚጠየቀው አመራሩ ነው። ስለዚህ አሽጌ፣ ማኅተሜን አሳርፌበት፣ ማኅተሙንም ከኪሴ ሳልለይ ጠብቄዋለሁ። አንዱም አልተበላሸም!»

«አንዱም ስላልተነካ ነዋ» አለች። ያ የጣቢያው የላስቲክ አበባ ትዝ አላት። ሪፖርቱን አንሥታ ገለጠች። ሰኞ ለሚመጡት ጎብኚዎች የተዘጋጀ ነው። ‹ሁሉም ተማሪዎች በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ በኮምፒውተር ይማራሉ› ይላል። ቀና ብላ አየችው።

«ይህ ዕቅድ ነው» አለ ፈጠን ብሎ፣ «ዕቅድና አፈጻጸም አንዳንዴ...»

«ይማራሉ ነው የሚለው፤ ይማሩ ይሆናል አይልም። ጎብኚዎቹስ ለምንድን ነው የሚመጡት?»

ሳይወድ በግድ ነገራት። ትምህርት ቤቱ ቴክኖሎጂን ወደ ክፍል በማስገባት አርአያ ተብሏል፤ እሱም ከሚመጣው ወር ጀምሮ በበላይ መሥሪያ ቤት የትምህርት ቴክኖሎጂ ኃላፊ ሆኖ ይሾማል። መርማሪዋ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

«ይህን ሪፖርት ማን ጻፈው?»

«ጸሐፊዋ ናታ! እኔ ምን አውቄ? እንኳን ልጽፍበት፣ ያ ዕቃ በየት በኩል እንደሚበራ አላውቅም። እኔ አመራር ነኝ እንጂ ባለሙያ አይደለሁም።»

«ከአሥር ሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ሪፖርቴን ሳነብ። ብቻዬን።»

መርማሪዋ ሪፖርቱን እንደያዘች ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ አራተኛውን ገጽ ደግማ አየችው። ከመስመሮቹ መካከል አንደኛው፣ ልክ እዚያ ላይኛው ክፍል እንዳለው፣ ብቻዋን በቀረች ሁለት ነጥብ ይጀምራል።

*

የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ መምህራኑ ‹ማን ይፈርማል› ብለው ነው የሚጠሩት። ወንበር ሲጠየቅ፣ ጠመኔ ሲጠየቅ፣ ‹ማን ይፈርምልኛል?› ሳይል የሚያወጣው ነገር የለም። መጋዘኑ ውስጥ ሰባራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ያገኘችው።

«የክፍሉ ቁልፍ አንተ ዘንድ ነው የሚቀመጠው» አለችው። «እንዴት በር ላይ ተገኘ?»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት። ዛሬ። ያለ ፊርማ።» የመጨረሻውን ቃል ወንጀሉ እሱ የሆነ ይመስል በለሆሳስ አወጣው። «ልጆቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ በኮምፒውተር ነው የሚፈተኑት እሜቴ። አንዱም ማውስ ጨብጦ አያውቅም። ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የኮምፒውተር ሥዕል እየሣለ ነበር የሚያስተምራቸው፣ ሦስት ዓመት! ትናንት ደግሞ እንዲህ አለኝ፣ ‹ወንድሜ፣ ሥዕል ላይ እንዴት ይፈተናሉ?› አሳዘነኝ። ነገ ቅዳሜ ጠርቷቸዋል፤ ሰኞ ደግሞ ጎብኚዎቹ ሲመጡ ማሽኖቹ ራሳቸው እውነቱን ይናገራሉ ብሎኝ ነበር።»

«ምን ማለት ነው?»

«ለመጀመሪያ ጊዜ የበሩበትን ቀን ውስጣቸው ይጽፋሉ አሉ። ሦስት ዓመት ሠርተዋል ተብሎ ሪፖርት ተደርጎ፣ ማሽኑ ግን ዓርብ ዕለት ነው የበራሁት ሲል...» ትከሻውን ሰበቀ።

«ዛሬ ላይ ወጥተህ ነበር?»

«አልወጣሁም። ወንበር ስቆጥር ነበር።»

«ላስቲኩን ማልበስ የምትወደው አንተ ነህ ይባላል።»

«አዎ፣ አልክድም። ግን ብወጣ ኖሮ አቧራቸውን ሳልጠርግ አላለብሳቸውም ነበር።»

መርማሪዋ አመነችው፤ ቢያንስ አቧራውን በተመለከተ።

ደረጃው ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ። አዛዡ ነው።

«ማስታወሻ አለ አሉኝ። መስኮት አለ። ሰኞ ደግሞ ትልልቅ እንግዶች አሉ። ምን ታንዛዢዋለሽ? ራሱን አጠፋ ብለሽ ዝጊው።»

«ለምን?»

«አንቺ ደግሞ ያቺን ‹ለምን› ተያት! እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ሰጥቼሻለሁ። ሪፖርቱንም በሦስት ቅጂ።»

*

ቅዳሜ ጠዋት የሟቹ ታላቅ እህት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ነርስ ናት፤ የሥራ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት፤ የሚኖረውም ከእሷ ጋር ነበር።

«ራሱን አጥፍቷል ይሉኛል» አለች። አላለቀሰችም፤ ቁጣው ዕንባዋን ቀድሞታል። «ሞቱ አንሶ እንዲህ ተብሎ ይቀበር? ለልጆቼ አጎታችሁ ጥሏችሁ ሄደ ልበላቸው?»

«የጻፈውን አሳይተውሻል?»

«አንድ ፖሊስ በስልኩ አንሥቶ አሳየኝ። የእሱ አይደለም። ወንድሜ እንደዚህ አይጽፍም።»

«ለምን?»

እህትየው ስልኳን አወጣች። «ተማሪዎቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቂያለሽ? ‹አራት ነጥብ›። ሰው ሁሉ ዐረፍተ ነገር ሲጨርስ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል፤ እሱ ይሄን ሲያይ ይታመማል። ‹አራት ነጥብ የራሷ ቁልፍ እያላት ለምን እንደ ድሮ ታይፕ ይቀጣጥሏታል? ሁለት ሁለቱ ተለያይተው አንዱ መስመር ላይ አንዱ ደግሞ ከታች ይቀራል› እያለ እራት ላይ ሁሉ ያሰለቸናል። ይኸው ከእኔ ጋር የተጻጻፈውን እዪው።»

መርማሪዋ አነበበች። ‹ዳቦ ይዤ እመጣለሁ።› ‹ለልጆቹ ደብተር ገዛሁ።› ሁሉም በአንዲት አራት ነጥብ ይዘጋል። የመጨረሻው የተላከው ዓርብ፣ አሥር ሰዓት ከመሆኑ በፊት ነው።

‹እህቴ፣ ዛሬ ከፈትኩት። አሥሩን አብርቻለሁ፤ ሁሉም ይሠራሉ። ነገ ልጆቹ ይመጣሉ። እራቴን አስቀምጪልኝ።›

«እራቴን አስቀምጪልኝ» አለች እህትየው። አሁን ድምፅዋ ተሰበረ። «ሊሞት ያሰበ ሰው እራት ይላል?»

መርማሪዋ ክንዷን ይዛ ወደ ግቢው አስገባቻት። በሩ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች በቡድን በቡድን ቆመዋል። መምህራቸው ቅዳሜ ኑ ብሏቸው ነበርና፣ የሚሉት ቢጠፋቸውም ከመምጣት አልቀሩም።

ጸሐፊዋ ቢሮዋ ውስጥ ዐይኗ አብጦ ተቀምጣለች። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመታት የቀሯት ሴት ናት፤ ግማሽ ዕድሜዋን በታይፕ፣ የቀረውን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒውተር አሳልፋለች። መርማሪዋ ፋይሎቿን አስወጣቻት። ከአምስት ወር በፊት የነበሩት ደብዳቤዎች በሙሉ በሁለት ሁለት ነጥብ የሚዘጉ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ያሉት በአራት ነጥብ።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ተለወጥሽ?»

«እሱ ነው ያስተማረኝ» አለች ጸሐፊዋ። «በምሳ ሰዓት በሩን ዘግተን። ርዕሰ መምህሩ ካየ ‹ለአንቺ ምን ያደርግልሻል› ይላላ! መጀመሪያ ጣቴ አልለመደም፤ በተሳሳትኩ ቁጥር ይስቅብኛል። ‹እትዬ፣ ታይፑን እኮ ቀብረነዋል› ይለኝ ነበር።»

መርማሪዋ የርዕሰ መምህሩን ሪፖርት ፊቷ ዘረጋችው። «ይህስ? አሁን ለሰኞ የተዘጋጀ ነው። ለምን ወደ ድሮው ተመለስሽ?»

ጸሐፊዋ መነጽሯን አድርጋ አየችው። «ይህን እኔ አልጻፍኩትም። የዚህ ዓይነቶቹ ተጽፈው፣ ተጠርዘው ነው ወደ እኔ የሚመጡት። መዝግቢ ብቻ ነው የምባለው። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ይመስለኝ ነበር።»

«ይህን ቢሮ ከአንቺ ሌላ የሚከፍት አለ?»

«ርዕሰ መምህሩ ቁልፍ አለው። ግን ለምን ብሎ? እሱ ኮምፒውተር አይነካም።»

«ለምን ብሎ» አለች መርማሪዋም፣ ለራሷ።

*

አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ርዕሰ መምህሩ ከፊት፣ ክራቫቱን እያስተካከለ። ‹ማን ይፈርማል› ግድግዳውን ተደግፎ። ጸሐፊዋ ከሟቹ እህት አጠገብ። አዛውንቱ ጥበቃ በር ላይ። ሁለት ፖሊሶችም አሉ።

«ሰኞ እንግዶች አሉብኝ» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ «ባይረዝም ደስ ይለኛል።»

«አይረዝምም። አንዲት ትንሽ ሥራ ብቻ ናት።» መርማሪዋ ከፊተኛው ረድፍ አንዱን ኮምፒውተር ገልጣ በጸሐፊዋ እርዳታ አበራችው። «እያንዳንዳችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር ትጽፉልኛላችሁ፤ ‹እኔ ኮምፒውተር አላውቅም›። ዐረፍተ ነገሩን ደግሞ በነጥቡ ዝጉልኝ።»

ጸሐፊዋ ቀደመች። ጣቶቿ ተንደረደሩ፤ በአንዲት አራት ነጥብ ዘግታ ተነሣች።

‹ማን ይፈርማል› ተከተላት። አንድ ጣቱን እንደ ምስማር ቀስሮ ፊደል ፍለጋ ገባ። አምስት ደቂቃ ፈጀበት። «አላውቅም» ላይ ሲደርስ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። «ነጥቡ ወዴት ነው?» አለ፣ የቁልፍ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር እያየ። «የለም። ነጥብ አልተሠራለትም።» ተወው።

ርዕሰ መምህሩ እየሣቀ ተቀመጠ። «ይህ እንግዲህ ውኃ ወቀጣ ነው» አለ። እሱም አንድ ጣቱን ቀሰረ። ‹እ›ን ፈለገ፣ አገኘ። ‹ኔ›ን ፈለገ። እያንዳንዱን ፊደል በዐይኑ ሲያስስ፣ አንዳንዴም «የት ገባች?» ሲል፣ ለተመለከተው በእርግጥም አዲስ ሰው ነው። መርማሪዋ ፊደሎቹን አላየችም። የምታየው ጣቱን ነው። ‹አላውቅም› አለና ጨረሰ። ጣቱ ቶሎ ብሎ ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ጥግ ሄደ፤ ሁለቴ መታ፤ ተመለሰ። ዐይኑ ግን ስክሪኑ ላይ ነበር።

«ተነሡ፤ ይበቃል» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ምን ሆነ?»

«ልንገርዎት። ትናንት እዚህ ስገባ የተሸፈኑት ስክሪኖች ይሞቁ ነበር። መምህሩ አሥሩን አብርቶ ለእህቱ ጽፎላታል። ከእሱ ሞት በኋላ አንድ ሰው እዚህ ቆይቶ አጥፍቷቸዋል፣ አልብሷቸዋል። ራሱን ያጠፋ ሰው ይህን አያደርግም፤ ስለዚህ ያ ጽሑፍ የሌላ ሰው ነው።»

«የጸሐፊዋ ነዋ!» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ሁለት ሁለት ነጥብ የምትመታው እሷ ናት።»

መርማሪዋ ከስክሪኑ ዞራ አየችው።

«ስለ ሁለት ሁለት ነጥብ እኮ ገና አልተናገርኩም» አለች መርማሪዋ። «በነጥቡ ዝጉልኝ ብቻ ነው ያልኩት።»

ርዕሰ መምህሩ እጁን ወደ ክራቫቱ ሰደደ።

«እትዬ ግን ከአምስት ወር ወዲህ ሁለት ሁለት አትመታም፤ ሟቹ ራሱ አስተምሯታል። እርስዎ አያውቁም፤ ደብዳቤዎቿን ይፈርማሉ እንጂ አያነቧቸውም። ደንግጣ ወደ ድሮ ልማዷ ተመልሳ ይሆናል የሚል ካለ ደግሞ፣ ማባዣዋ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ አንዴም አልቆመችም። በእጅ ካላጎረሷት የማትሠራ ማሽን ትታ ሦስተኛ ፎቅ ልትወጣ አትችልም። አባቴ፣ እውነት አይደለም?»

«ትንፋሽ አልወሰደችም» አሉ ጥበቃው።

«ንብረት ክፍሉ ደግሞ ነጥቧን እስከ ዛሬ አላገኛትም። የቀሩት እርስዎ ነዎት። ኮምፒውተር አልነካም ይላሉ። ይህ ሪፖርት ግን ከዚያ የሐሰት ማስታወሻ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ እዚህም እዚያም ነጥቦቹ ተለያይተው አንዷ ወደ ታች ወርዳለች። ጸሐፊዋ አልጻፈችውም። የቢሮዋ ቁልፍ ያለው አንድ ሌላ ሰው ብቻ ነው። በሪፖርቱ ውስጥ ያለውን ውሸት ደግሞ በጸሐፊዋ እጅ ማስጻፍ አይፈልግም።» ወደ ስክሪኑ አመለከተች። «አሁን ደግሞ አላዋቂ መስለው ፊደሉን ሁሉ ፈለጉ። ደኅና ነው የተጫወቱት። ነጥቧን ግን መፈለግ ረሱ። ጣትዎ ራሱ ሄዶ ሁለቴ መታት።»

ሁሉም ስክሪኑን አዩ። ‹እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፡፡›

ርዕሰ መምህሩ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። አሥሩ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ መንካካት ጀመሩ፤ ከዚያ አያቸውና ጨበጣቸው።

«አሥራ ሁለት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «ሰው እንደ ዕቃ ነበር የሚያዘኝ። ‹ና ምታ፣ ሂድ ምታ›። ተምሬ፣ ለፍቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው የቁልፍ ሰሌዳ ላይ እንዲያየኝ አልፈለግኩም። አላውቅም ስል ደግሞ የሚጠይቀኝ የለም፤ የማያውቅ አመራር ይከበራል እንጂ አይጠየቅም።»

«ትናንትስ?»

«መስኮቱን ከግቢ ሆኜ አየሁት። ስወጣ አሥሩን አብርቷቸዋል። ይስቃል። ‹ጋሼ፣ ይዩ፣ አንዱም አልተበላሸም!› አለኝ። ደስ የሚለኝ መስሎት! ዝጋ አልኩት፣ አልዘጋም አለ። ሰኞ ማሽኑን አሳያቸዋለሁ አለኝ። ያዝኩት፣ ገፋሁት... መስኮቱ ዝቅ ያለ ነው። አስቤ አይደለም።»

«ሲገፉት ላያስቡ ይችላሉ» አለች መርማሪዋ፣ ጥርሷን ነክሳ። «ሲጽፉ ግን አስበዋል። የገደሉትን ሰው፣ በእሱ ስም፣ አመራሩን ይቅርታ አስጠይቀውታል።»

እህትየው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ይዛው የነበረ ትንፋሽ ነው።

ፖሊሶቹ ካቴናውን ሲያወጡ አዛዡ ደወለ። መርማሪዋ ነገሩን በአጭሩ ነገረችው። «እንግዲያው ክፍሉን እሸጊው» አለ። «ፍርድ እስኪያገኝ ማንም እንዳይገባ።»

ፍርዱ ዓመት ይፈጃል፣ ሁለትም ይፈጃል። ከታች ግቢው ውስጥ የተማሪዎቹ ድምፅ ይሰማል።

«ለምን?» አለችው። «ኤግዚቢቱ አንድ ኮምፒውተር ነው። የተጻፈበትን እሱን አመጣለሁ። ክፍሉን ፎቶ አንሥተናል፣ አሻራውን ወስደናል። ሠላሳ ዘጠኙ ማንንም አልገደሉም።» ስልኩን ዘጋች። በኋላ እንደሚጮህባት ታውቃለች፤ ይጩህ።

«ልጆቹ ይግቡ» አለች።

‹ማን ይፈርማል› ወደ ወለሉ እያየ አጉተመተመ። «ክፍሉን ለመክፈት የርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። በጽሑፍ። እኔ አንዴ ያለ ፊርማ ሰጥቼ ይኸው ሰው ሞተ። አሁንስ ማን ይፈርምልኛል?»

መርማሪዋ ልትቆጣው አሰበችና፣ ዞር ብላ በካቴና የታሰረውን ሰው አየችው። «እስኪሻር ድረስ ርዕሰ መምህሩ እሱ አይደል?»

ጸሐፊዋ ቢሮዋ ወርዳ ሁለት መስመር ጽፋ ተመለሰች። ‹የኮምፒውተር ክፍሉ ከዛሬ ጀምሮ ለተማሪዎች ክፍት እንዲሆን ተፈቅዷል።› ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው። የታሰሩ እጆቹን አንሥቶ ፈረመ። ማኅተሙን ፖሊሱ ከኪሱ አወጣለት፤ እሱም አተመ። ‹ማን ይፈርማል› ወረቀቱን ተቀብሎ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አለበት፤ ከዚያ ወደ ረድፎቹ ሄዶ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ ማውለቅ ጀመረ።

ተማሪዎቹ በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ ገቡ። አብዛኞቹ አለቀሱ፤ ቢሆንም ተቀመጡ። ጸሐፊዋ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች። አስተምራ አታውቅም።

እህትየው መጨረሻ ላይ ባዶ የቀረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ ጣቷን ቀስራ፣ ፊደል እየፈለገች፣ ቀስ ብላ ጻፈች። ‹ወንድሜ ራሱን አላጠፋም› አለ ስክሪኑ። ከዚያ ጣቷ አየር ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ የቱ ጋ ናት?» አለች።

ጸሐፊዋ መጣችና ጣቷን ይዛ ቁልፏ ላይ አሳረፈችላት። «አንዴ ብቻ ነው የምትነኪያት» አለቻት።

እህትየው አንዴ ነካቻት።